ቀጥታ ሥርጭት ከላ ፓዝ

(ላ ፓዝ፣ ቦሊቪያ፤ ከሸለቆው ከተማ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣ ረጅም የሲሚንቶ ደረጃ እኩሌታ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፤ ዓለምን በጀርባ ቦርሳ እየዞረ ለዩቲዩብ ቪዲዮ የሚሠራው የአዲስ አበባው ልጅ ሮቤል በዚህ ከተማ ያለው ጊዜ ይህች አንድ ቀን ብቻ ናት፤ ከዓመታት በፊት ለሩጫ መጥታ እዚያው የቀረችው፣ አሁን የሱፍ ኮፍያ የምትሸጠው የውብዳር ከጠዋት ጀምሮ ከተማውን ስታዞረው ውላ ቦርሳውን ተሸክማለታለች።)

ሮቤል፦ ኮፍያውን ብቻ አውልቂው። ሌላ ምንም አላልኩሽም።

የውብዳር፦ ብርድ ነው።

ሮቤል፦ የደብረ ብርሃን ልጅ ሆነሽ ምን ብርድ አለብሽ? ቀይ ነገር ካሜራ ላይ ይጮሃል። ይኸውልሽ፣ ሻርፕ ገዝቼልሻለሁ። ከራስሽ ላይ ጣል አድርጊው።

የውብዳር፦ ጥቁር ነው።

ሮቤል፦ ጥቁር ለፊትሽ ይሄዳል።

የውብዳር፦ ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ኮፍያ ነው የምትቀርጸኝ። የሜዳ አህያ ልብስ ለብሰው እግረኛ ለማሻገር መኪና የሚያስቆሙት ልጆች መሀል ስታቆመኝ አልጮኸም። ገበያው ውስጥ ያንን ከቤት መሠረት ሥር የሚቀብሩትን የደረቀ የላማ ግልገል ሽል ‹ያዥውና ሳቂ› ስትለኝም አልጮኸም። አሁን ምን አስጮኸው?

ሮቤል፦ ያ እኮ መግቢያ ነው። ከተማ ማሳያ። ሰው ትንሽ ይስቃል፣ ይገረማል፣ ከዚያ ወደ ዋናው ይገባል።

የውብዳር፦ ዋናው የእናቴ ድምፅ ነው።

ሮቤል፦ እሱ ነው።

የውብዳር፦ እንግዲያው አሰማኛ! ሱቄን ዘግቼ የወጣሁት ለዚያ ነው። ስልኩ ኪስህ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ጣት ነው የሚፈጅብህ።

ሮቤል፦ ላይ ስንደርስ። ከተማው በሙሉ ከኋላሽ ሆኖ፣ በረዶው ተራራ ደግሞ በዚህ በኩል... ቆይ። ቆይ፣ ትንሽ ልተንፍስ።

የውብዳር፦ ተንፍስ። በአየር ላይ በሚሄደው ኬብል እንውጣ ስልህ እምቢ ያልክ አንተ ነህ።

ሮቤል፦ ኬብሉ የሁሉም ሰው ቪዲዮ ላይ አለ። ደግሞ እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ይኼ ከፍታ፣ ከፍታ የሚሉት ነገር ለፈረንጅ ነው። እንጦጦን በሩጫ የምወጣ ሰው ነኝ እኔ።

የውብዳር፦ እንጦጦ እዚህ ቢመጣ ከእግርህ ሥር ነው የሚውል።

ሮቤል፦ ምንም አልሆንኩም። ጫማው ነው የከበደኝ።

የውብዳር፦ ከንፈርህ ጠቁሯል። እንካ፣ ይቺን ቅጠል ጉንጭህ ውስጥ ያዛት።

ሮቤል፦ ጫት አልቅምም።

የውብዳር፦ ጫት አይደለም። ኮካ ነው። እዚህ አሮጊቱም ፖሊሱም ይይዘዋል፣ ለትንፋሽ ነው።

ሮቤል፦ ቅጠል ነው፣ ጉንጭ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጫት ነው። ተከታዮቼ ቢያዩኝስ? እኔ የቤተሰብ ቻናል ነው ያለኝ።

የውብዳር፦ ጠዋት ያን ሊስትሮ ‹ጭንብልህን አውልቅ› እያልክ መንገድ ለመንገድ ስታባርረው የቤተሰብ ቻናል አልነበረም?

ሮቤል፦ ፊቱን ተሸፋፍኖ ጫማ የሚጠርግ ሰው የት ታያለሽ? ማወቅ ፈለግሁ እንጂ...

የውብዳር፦ የሰፈሩ ሰው፣ የልጆቹ አስተማሪ ሊስትሮ መሆኑን እንዳያውቅበት ነው የሚሸፈነው። ሁሉም እንዲያ ናቸው እዚህ። ጓደኞቹ ብሩሻቸውን ይዘው ሲከቡህ ማን አስጣለህ?

ሮቤል፦ አንቺ። አመሰገንኩሽ እኮ።

የውብዳር፦ አላመሰገንከኝም። ‹ቀርጸሽልኛል ወይ?› ነው ያልከኝ።

ሮቤል፦ እሺ፣ አሁን አመሰግናለሁ። ሻርፑን አድርጊውና እንውጣ። ፀሐዩ ተራራው ላይ ሳለ መድረስ አለብን።

የውብዳር፦ ምሳ ለምን አበላኸኝ?

ሮቤል፦ ምን ማለት ነው ደግሞ? ሰው ሰው አይጋብዝም?

የውብዳር፦ አንተ ምንም አልቀመስክም። ሾርባዬን እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ አየኸኝ። ሥጋውን ስተወው ‹ጨርሺው እንጂ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል› አልከኝ።

ሮቤል፦ ለደረጃው ነዋ!

የውብዳር፦ እኔ ይህን ደረጃ በየቀኑ በባዶ ሆዴ ነው የምወጣው። ቤቴ ላይኛው ሰፈር ነው።

ሮቤል፦ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ። ሰው ደግ ሲሆንም ጥፋት ነው?

የውብዳር፦ አባቴ የሞተ ቀን አክስቴ ገንፎ አበላችኝ። ያለወትሮዋ። ‹ጨርሺ፣ ጨርሺ› እያለች። ቅቤው ከጣቴ ላይ ሳይወርድ ነው ሰዎቹ በአጥሩ በር የገቡት።

ሮቤል፦ ፀሐዩ እየሄደብን ነው።

የውብዳር፦ ድምፁን መቼ ነው የቀዳችው?

ሮቤል፦ ባለፈው።

የውብዳር፦ ባለፈው መቼ?

ሮቤል፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ወንድምሽ ነው የሰጠኝ። ቦሊቪያ እንደምሄድ ቪዲዮዬ ላይ አይቶ ቢሮዬ ድረስ መጣ። እህቴ እዚያ ናት፣ የምትሸጥበት ቦታ ይኼ ነው፣ ይህን አድርስልኝ አለኝ። ተቀበልኩት። በቃ።

የውብዳር፦ ወንድሜ ደጀኔ ቴሌግራም ያውቃል። የልጁን ጥርስ መንቀል እንኳ ፎቶ አንስቶ ነው የሚልክልኝ። የእናቴን ድምፅ ግን በሰው ላከ?

ሮቤል፦ ኔትወርክ ይሆናላ።

የውብዳር፦ ለፋሲካ ደወልኩ፣ ‹ጠበል ሄዳለች› አለኝ። ለልደታ ደወልኩ፣ ጠበል ናት። ለሰኔ ሚካኤል ደወልኩ፣ አሁንም ጠበል ናት። የትኛው ጠበል ነው እንዲህ የሚያቆይ? እኔም ጅል፣ ጉልበቷ ተሻላት ወይ እላለሁ። ‹በጣም ተሻላት› አለኝ። በጣም ተሻላት!

ሮቤል፦ የውብዬ፣ እንውጣ። ላይ እንነጋገራለን።

የውብዳር፦ ከዚህ አልነቃነቅም። ሮቤል፣ እናቴ ሞታለች?

ሮቤል፦ ቆይ! ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! አሁን አይደለም!

የውብዳር፦ ሞታለች ወይ አልኩህ!

ሮቤል፦ ካሜራ አልከፈትኩም እኮ! በናትሽ ያዥው! ገና ነው፣ አታልቅሺ! ትንሽ ብቻ ያዥው!

የውብዳር፦ በናትሽ?

ሮቤል፦ አፌ ነው። ይቅርታ። የለመደ አፍ ነው።

የውብዳር፦ በሞተች እናቴ ነው እንዳላለቅስ የምትለምነኝ?

ሮቤል፦ አልቅሺ፣ ማን ከለከለሽ? ላይ ሄደሽ አልቅሺ ነው የምልሽ። እዚህ ግድግዳ ነው ያለው። እይው፣ ሽንት የሸተተ ግድግዳ። ለእናትሽም ክብር አይደለም።

የውብዳር፦ መቼ ነው?

ሮቤል፦ ከሁዳዴ በፊት።

የውብዳር፦ ከሁዳዴ በፊት። ...ፋሲካን ዶሮ ሠርቼ በልቻለሁ እኔ። ጎረቤቶቼን ጠርቼ ጨፍሬያለሁ። ሰው ምን ይለኛል? እናቷ አፈር ውስጥ ሆና እስክስታ የምትወርድ! አንድ ሰው እንኳ... አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?

ሮቤል፦ ደጀኔ በስልክ ከብዶት ነው። ብቻዋን ናት፣ ራሷን አንድ ነገር ብታደርግስ ብሎ። ሰው በአካል ይንገራት ብሎ ነው ለኔ የሰጠኝ።

የውብዳር፦ እንዴት አድርገህ ንገራት አለህ?

ሮቤል፦ እንግዲህ... እንደ ደንቡ።

የውብዳር፦ ደንቡን ተናገራ።

ሮቤል፦ ጠዋት አለኝ። ገና ሥራ ሳትወጣ፣ ቤቷ ሄደህ። ጎረቤት ሴት ካለች ይዘህ። ቀስ ብለህ፣ ከዚያ ድምፁን አሰማት፣ አብረሃት ዋል አለኝ።

የውብዳር፦ ታዲያ ጠዋት ምን አደረግህ?

ሮቤል፦ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ብርሃን አልነበረም።

የውብዳር፦ ብርሃን።

ሮቤል፦ ተራራው አይታይም ነበር! ምን ላድርግ? ያለኝ አንድ ቀን ነው። በአንድ ቀን ከተማውንም ማሳየት አለብኝ፣ ይኼንንም መሥራት አለብኝ።

የውብዳር፦ ስለዚህ እናቴን በኪስህ ይዘህ ከተማ ስትዞር ዋልክ። እኔም አስጎበኘሁህ። እዚህ ፎቶ ተነሣ፣ ይህን ቅመስ፣ ይኼኛው መንገድ ይሻላል እያልኩ! እንግዳዬ ነህ ብዬ!

ሮቤል፦ ለክፉ ብዬ አይደለም። አንቺ ለምን አይገባሽም? ሀገሩ ረስቶሻል። ማን ነው ዛሬ የውብዳርን የሚያውቃት? ይኼ ቪዲዮ ሲወጣ ጋዜጠኛው፣ ፌዴሬሽኑ፣ ሁሉም ነው የሚፈልግሽ። አንድ ጊዜ አልቅሰሽ ሕይወትሽ ይቀየራል።

የውብዳር፦ ድምፁን ስጠኝ።

ሮቤል፦ ላይ።

የውብዳር፦ ለብቻዬ ልስማው። እዚያ ጥግ ሄጄ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን እሆንልሃለሁ። ውደቂ ካልከኝ እወድቃለሁ፣ ፊቴን ንጪ ካልከኝ እነጫለሁ።

ሮቤል፦ አይሆንም። አንዴ ከሰማሽው ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አይወጣም። ሞክሬዋለሁ።

የውብዳር፦ በማን ላይ?

ሮቤል፦ ናይሮቢ አንድ ልጅ ነበር፣ ስደተኛ። የአባቱን ነገር አዘንኩለትና አስቀድሜ ነገርኩት። ካሜራ ፊት ስናቀርበው ደረቀ። ዓይኑን ቢያሽ፣ ቢያሽ የለም። ቪዲዮው ሞተ።

የውብዳር፦ ቪዲዮው ሞተ።

ሮቤል፦ ከዚያ ወዲህ ምሕረት የለም አልኩ።

የውብዳር፦ አንተ ግን ሰምተኸዋል?

ሮቤል፦ ምኑን?

የውብዳር፦ ድምፁን ነዋ።

ሮቤል፦ ጥራቱን ማየት አለብኛ። ስለ እግር የምትናገርበት ቦታ አለ... እኔ ራሴ አልቅሻለሁ። እውነቴን ነው፣ ሆቴል ውስጥ ብቻዬን።

የውብዳር፦ ለኔ የተባለውን አንተ ሆቴል ተኝተህ ሰማኸው። ሌላስ ማን ሰምቷል?

ሮቤል፦ ሁሉንም ማንም አልሰማውም።

የውብዳር፦ ሁሉንም?

ሮቤል፦ መጀመሪያው ላይ ካለው ትንሽ ቁራጭ ለማስታወቂያ ወስጃለሁ። ትናንት ነው የለቀቅኩት።

የውብዳር፦ የምን ማስታወቂያ?

ሮቤል፦ ‹የእናቷን ሞት ያልሰማችው ሯጭ፣ ነገ በቀጥታ ሥርጭት›። ፎቶሽ አለበት። ስትስቂ የተነሣሽውን ከደጀኔ ነው ያገኘሁት።

የውብዳር፦ ሀገር ሁሉ ያውቃል?

ሮቤል፦ አስተያየቱን ብታዪ ነው! ሰው እንዴት እያለቀሰልሽ መሰለሽ። ነፍስ ይማር የሚለው ብቻ አያልቅም።

የውብዳር፦ እኔ ትናንት ምን ስሠራ እንደዋልኩ ታውቃለህ? አንዲት ፈረንጅ ጓንቲ ሰፋኝ፣ ጠበበኝ እያለች ስታሾፍብኝ ስስቅ ነው የዋልኩት። እኔ ስስቅ ሀገር ያለቅስልኝ ነበር። የኔን እንባ ሰው አልቅሶ ጨርሶልኛል። ለኔ ምን ተረፈኝ?

ሮቤል፦ ድምፁ ተርፎሻል። ሙሉው።

የውብዳር፦ እምቢ ብልስ?

ሮቤል፦ እምቢ ካልሽ ምን አደርጋለሁ? ማታ አውቶቡስ አለኝ። ነገ ፔሩ ነኝ። ድምፁም ከኔ ጋር ይሄዳል።

የውብዳር፦ ደጀኔ ዳግመኛ ይልክልኛል።

ሮቤል፦ ደጀኔ የቀዳበት ስልክ ውሃ ገብቶበት ሞቷል። እሱ ራሱ ‹መልስልኝ› እያለ ይጽፍልኛል። እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው።

የውብዳር፦ ብቀማህስ? አሁን እዚህ፣ ብገፋህ ተንከባልለህ ገበያው ድረስ ነው የምትወርድ።

ሮቤል፦ የይለፍ ቃሉን አታውቂውም። ደግሞ አትገፊኝም። አንቺ እንደዚያ አይነት ሰው አይደለሽም። ጠዋት ሙሉ ሳይሽ ነው የዋልኩት፣ የማታውቂውን ሰው ቦርሳ የምትሸከሚ ሴት ነሽ።

የውብዳር፦ ሻርፑን አምጣ።

ሮቤል፦ ጎሽ! ጎሽ የኔ እህት! እንዲያ ነው። ቀስ ብለሽ፣ ግንባርሽ ይታይ። ላይ ድረስ ደግሞ...

የውብዳር፦ ላይ አትደርስም አንተ። እግርህን እየው። ይንቀጠቀጣል።

ሮቤል፦ እደርሳለሁ። ይህንን መታጠፊያ ብቻ... ኧረ! ኧረ ምንድን ነው ይኼ ነገር? ደረጃው ይሽከረከራል።

የውብዳር፦ እዚሁ መታጠፊያው ላይ ይሁን። ከተማው ከዚህም ይታያል። ተራራውም ያው።

ሮቤል፦ እውነትሽን ነው። ይታያል። ጥሩ ነው... እዚሁ ይሁን። እንግዲህ ስሚኝ። በዚህኛው ስልክ ቀጥታ እገባለሁ፣ በሌላኛው ድምፁን አጫውትልሻለሁ። አንቺ መጀመሪያ እንደማታውቂ ነው የምትሆኚው። ፈገግ በዪ።

የውብዳር፦ ፈገግ?

ሮቤል፦ የእናቴ ሰላምታ መጣልኝ እንደሚል ሰው። ከዚያ ሲመጣብሽ መጣብሽ።

የውብዳር፦ የስልኩን ስቲክ እኔ ልያዘው። እጅህ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሰው ራሱን ያመዋል።

ሮቤል፦ ያዥው። ትንሽ ከፍ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ተራራው ይግባ። እሺ። ...እንደምን አመሻችሁ የሮቤል ቤተሰቦች! ያው ቃሌን... ቃሌን ጠብቄ... ይቅርታ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ከፍታው ነው። ያው ቃሌን ጠብቄ ከላ ፓዝ ከተማ በቀጥታ ገብቻለሁ። አብራኝ ያለችው... ጀግናችን የውብዳር ናት። ሼር እያደረጋችሁ። የውብዬ፣ ቤተሰቡን ሰላም በይልኝ።

የውብዳር፦ እንደምን አመሻችሁ።

ሮቤል፦ እናትሽን በምንድን ነው የምታስታውሻቸው?

የውብዳር፦ ‹ታስታውሻለሽ› የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። ያላወቅሁ ልሁን ወይስ ያወቅሁ?

ሮቤል፦ ሃ ሃ... ቀልደኛ ናት! እንግዲህ ቤተሰብ፣ ከሀገር ቤት አንድ ነገር ይዤላት መጥቻለሁ። ተዘጋጅተሻል?

የውብዳር፦ አሰማኝ።

ሮቤል፦ ይኸው፣ ተጫወተ።

የውብዳር፦ ሳሏ ነው። ...እሷ ናት፣ ሳሏ ነው።

ሮቤል፦ ፊትሽን ወደ ካሜራው።

የውብዳር፦ ዝም በል! ...‹የውቤ› አለችኝ። ማንም እንዲህ ብሎ አይጠራኝም፣ እሷ ብቻ ናት። ድምፅዋ ግን እንዴት ቀጥኗል... ኧረ እሜትዬ፣ ማን ውሃ አቀበለሽ?

ሮቤል፦ አሁን ነው። ቀጥሎ ያለውን ስሚ።

የውብዳር፦ ምን አለች? ‹ሩጫው ካቃተሽ በእግርሽ ነይ፣ ማንም አይስቅብሽም›? እንዲያ ነው ያለችው? ታውቅ ነበር! መሮጥ ማቆሜን ታውቅ ነበር! እኔ ልምምድ ላይ ነኝ፣ ውድድር ደርሶብኛል እያልኩ ስዋሻት፣ ‹እሰይ ልጄ፣ በርቺ› ትለኝ ነበር እኮ። እያወቀች! ያለ ሜዳልያ ምን ፊት ይዤ እገባለሁ ብዬ ነው የቀረሁት። እሷ ደግሞ የፈለገችው እኔን ብቻ ነበር። ደጃፏ ላይ እኔን ብቻ... ወይኔ! ወይኔ እናቴን! ሳልደርስላት!

ሮቤል፦ ወይኔ!

የውብዳር፦ ሳልቀብራት!

ሮቤል፦ ኧረ የውብዳር፣ ቆይ። አቁሚ። ድምፁ አልገባም።

የውብዳር፦ ምን?

ሮቤል፦ ማይኩ አልበራም ነበር! ሰው ‹ድምፅ የለም፣ ድምፅ የለም› እያለ ነው። በእግዚአብሔር! እንዲህ ያለውን ነገር! ...እሺ፣ አሁን አበራዋለሁ። ምንም አይደለም፣ ከመጀመሪያው እንደግመዋለን።

የውብዳር፦ እንደግመዋለን።

ሮቤል፦ አንዴ ብቻ። ደግሞ አሁን ‹ታውቅ ነበር› የሚለውን ተዪውና ‹እማዬ› ብለሽ ጩኺ። ረጅም ነገር ሲሆን ለሰው አይገባውም። ደረትሽን ብትመቺ ደግሞ... ቆይ፣ ልቀመጥ። ጨለመብኝ።

የውብዳር፦ ተቀመጥ።

ሮቤል፦ ምንም አይታየኝም። ጆሮዬ ይጮሃል። ውሃ አለ?

የውብዳር፦ አለ። ቦርሳህ ውስጥ ነው።

ሮቤል፦ ስጪኛ።

የውብዳር፦ ቆይ፣ አስተያየቱን እያየሁ ነው። ይቺ ማናት? ልብ፣ ልብ፣ ልብ ብቻ የምትልከው። ‹የኔ አንበሳ፣ ብርድ እንዳይመታህ› የምትለው።

ሮቤል፦ እማዬ ናት። ሁልጊዜ ትገባለች። አንድም ቀን አምልጧት አያውቅም... ውሃውን ስጪኝ እንጂ።

የውብዳር፦ አሁን እኔን እያየችኝ ነው?

ሮቤል፦ ታይሻለች። ማይኩን አብሪው። ጀምሪው። አልቅሺና እንጨርስ።

የውብዳር፦ አንተን ግን አታይህም።

ሮቤል፦ እኔን አታሳዪ። እንዲህ ሆኜ አታሳዪኝ። ደም ግፊት አለባት።

የውብዳር፦ አዞርኩት።

ሮቤል፦ ምኑን?

የውብዳር፦ ካሜራውን። ደረጃው ላይ ተዘርረህ ነው የምትታየው። ዓይንህ ተገልብጧል፣ ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኗል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው።

ሮቤል፦ መልሽው! የውብዳር... መልሽው... ልነሣ... መነሣት አቃተኝ።

የውብዳር፦ ልቡን መላክ አቆመች። ‹ልጄ ምን ሆነ?› ብላ ጻፈች።

ሮቤል፦ ደህና ነው በያት! ከፍታው ነው በያት!

የውብዳር፦ ራስህ ንገራት።

ሮቤል፦ እማ... ደህና... ነኝ...

የውብዳር፦ አይሰማም፣ ማይኩን አላበራሁትም። አፍህ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አሁን ደግሞ ‹ልጄን ምን አደረጋችሁት? ማነሽ አንቺ? ተናገሪ እንጂ!› ብላለች። ፊደሎቹ ተምታተውባታል።

ሮቤል፦ ድምፁን... ውሰጂው! ስልኩን ውሰጂ፣ የይለፍ ቃሉን እነግርሻለሁ... ማስታወቂያውንም አጠፋዋለሁ... ምንም እንዳትያት! እናቴ ናት የውብዳር! ትሞታለች!

የውብዳር፦ ማይኩን አበራሁት። የሮቤል እናት፣ እንደምን አመሹ? አጠገብዎ ሰው አለ?